«ጋሪኦወን»ን ማን ደረሰው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ቫዮሊን ትማራለች። አስተማሪዋ ‹ጋሪኦወን› የሚባል ጂግ፣ ማለትም የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ ሰጥታታለች። መድረክ ላይ ከመጫወቷ በፊት ስለ ዜማው አመጣጥ አጭር ገለጻ ማድረግ አለባት። ኢንተርኔት ላይ ስንፈልግ ግራ ገባን። አንዱ ቤትሆቨን ነው የደረሰው ይላል። ሌላው የአሜሪካው ጄኔራል ከስተር ጦር መዝሙር ነው ይላል። አንዱ የስኮትላንድ ነው፣ አንዱ የሊመሪክ ጠጪዎች ዘፈን ነው ይላል። የቱ ነው እውነቱ? ጂግ ነው ወይስ ማርሽ (የወታደር ሰልፍ ዜማ)? ደራሲ በሚለው ቦታ ላይስ ማንን ትጻፍ?»

ምላሽ፦ ደራሲ በሚለው ቦታ የማንንም ስም አትጻፍ። «ባህላዊ፣ አየርላንድ» ትበል፤ በቂ ነው። ያገኛችኋቸው አራቱ መልሶች ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከዜማው ዕድሜ ላይ አንድ ቁራጭ ይዘዋል። ስህተቱ የሚመጣው ቁራጩን እንደ ልደቱ ስንቆጥረው ነው። ዜማው ከየት መጣ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ስሙ ከየት መጣ የሚለው ሌላ ነው። መጀመሪያ የታተመው የት ነው የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። በአየርላንድ የዳንስ ዜማዎች ላይ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ አብረው አይሄዱም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ እንጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ጋሪኦወን የሰው ስም አይደለም፣ የሰፈር ስም ነው። ሊመሪክ በምትባለው የምዕራብ አየርላንድ ከተማ፣ ከድሮው የከተማ ግንብ ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር ነው። በአይሪሽ ቋንቋ «ጋሪ» ማለት ጓሮ ወይም የአትክልት ቦታ ነው። «ኦወን» ደግሞ ዮሐንስ ነው። አንድ ላይ «የዮሐንስ ጓሮ» እንደማለት ነው። አሜሪካኖች ስሙን ለሁለት ከፍለው የመጻፍ ልማድ ስላላቸው፣ ብዙ ሰው ጋሪ ኦወን የሚባል ሙዚቀኛ የነበረ ይመስለዋል። ልጅዎ ይህን ስህተት እንዳትደግመው።

የጠጪዎቹ ነገር እውነት ነው፤ ግን የሚመለከተው ግጥሙን ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሊመሪክ ሀብታም ልጆች ሌሊት ሌሊት እየጠጡ ከተማውን ያውኩ ነበር። ግጥሙ የእነሱን ጉራ ነው የሚዘፍነው። መስኮት እንሰብራለን፣ በር እንሰብራለን፣ የሌሊት ዘበኞቹን ሦስት አራት እያደረግን እንጥላለን ይላል። ጆኒ ኮኔል የሚባለውን ጎረምሳ በስሙ ጠርቶ ያሞግሰዋል። የትኛውንም ያህል የከበደ የብረት ዘንግ ከጋሪኦወን እስከ ቶሞንድጌት መወርወር ይችላል ይለዋል። ቶሞንድጌት ከተማውን ተሻግሮ፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰፈር ነው። ፉከራ ማለት ይህ ነው!

አዝማቹ ላይ ያለች አንዲት ሐረግ ደግሞ የከተማውን ሽታ ይዛ ቀርታለች። ነገሩ እንዲህ ነው። በስፓ ፈንታ ቢራ እንጠጣለን፣ ሒሳባችንን እዚያው ምስማሩ ላይ እንከፍላለን፣ ከጋሪኦወን ማንም ሰው በዕዳ እስር ቤት አይገባም ይላል። ስፓ ያኔ እንደ መድኃኒት ይጠጣ የነበረ የማዕድን ውሃ ነው፤ በእኛ አነጋገር አምቦ ውሃ በሉት። ምስማሩስ? በሊመሪክ የነጋዴዎች መገበያያ አዳራሽ ውስጥ አንድ የኖራ ድንጋይ ምሰሶ ነበር። አናቱ ላይ የናስ ገበታ አለው። ነጋዴዎች ሲዋዋሉ ገንዘቡን እሱ ላይ ይቆጥሩ ነበር። ስሙን «ምስማር» ይሉታል። የተሠራው በ1685 ነው፤ ዛሬ በሊመሪክ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። «ምስማር ላይ መክፈል» የሚለው አነጋገር በእንግሊዝኛ ከዚህ ምሰሶ የቆየ ነው። ስለዚህ አነጋገሩ ከሊመሪክ ተወለደ ማለት አይቻልም። ግን ይህን ዘፈን የሚዘፍን የሊመሪክ ልጅ ቃሉን ሲያወጣ የትኛው ድንጋይ እንደሚታየው አያጠራጥርም። ግጥሙ የሊመሪክ ነው የምለው ለዚህ ነው። ዜማው ግን ከግጥሙ በፊት ሊኖር ይችላል። ለተለመደ ዜማ አዲስ ግጥም ማውጣት እኛም ዘንድ የአዝማሪ የዕለት ሥራ ነው፤ እዚያም እንደዚሁ ነበር።

ወደ ስኮትላንድ እንሂድ። ይህንን ዜማ በኅትመት በጣም ቀደም ብለን የምናገኘው በ1788 ነው። ስኮትላንዳዊው የፊድል (የባህል ዜማ ሲጫወቱበት ቫዮሊን የሚጠራበት ስም ነው) ተጫዋች ኒል ጋው ባሳተመው ሁለተኛ የዳንስ ዜማዎች መድብል ውስጥ አለ። ስሙ ግን ጋሪኦወን አይደለም፤ «አሮጊቷ ቤሲ» ነው። ይህን ያየ ሰው «አሃ፣ የስኮትላንድ ነው!» ለማለት ይቸኩላል። መቸኮል አያስፈልግም። የታተመበት ዓመት የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዜማው በ1788 በሰው ጆሮ እንደነበረ። ማን እንደወለደው አይነግረንም።

ለምን ስኮትላንድ ቀደመች? በ18ኛው መቶ ዘመን ኤደንብራ ውስጥ የዳንስ ዜማ መድብል ማሳተም የደራ ንግድ ነበር። ኳስ ሜዳ የሚያህል አዳራሽ እየተከራዩ የሚጨፍሩ ሀብታሞች ነበሩ፤ መጽሐፉን የሚገዙትም እነሱ ናቸው። አየርላንድ ውስጥ የመጀመሪያው የአየርላንድ ዜማዎች መድብል ደብሊን ላይ የታተመው በ1724 ነው፤ አሳታሚዎቹ ጆን እና ዊልያም ኒል ናቸው። ከዚያ በኋላም የገጠሩ ፊድል ተጫዋችና የከረጢት ዋሽንት ነፊው ኖታ አያነብም ነበር። ከአባቱ ወይም ከሚዞር አስተማሪ በጆሮው ይቀበላል፣ ለልጁ ያስተላልፋል። በዚህ መንገድ ለ50 ዓመት የኖረ ዜማ ወረቀት ላይ አሻራ አይተውም። በዚያ ላይ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ባሕር ጠባብ ነው። አጫጆች፣ ወታደሮችና ሙዚቀኞች ሲመላለሱበት ኖረዋል። ዜማውም አብሯቸው ይሻገራል፤ በደረሰበትም ስም ይወጣለታል።

ስሙ ራሱ የዘገየ ነው። በ1800 ለንደን ውስጥ «ሃርለኪን አሙሌት» የሚባል የመድረክ ትርኢት ታይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በወጡ ኖታዎች ላይ ዜማው «ጋሪኦወን» ተብሎ፣ ከዚያ ትርኢት ጋር ተያይዞ ይገኛል። ቶማስ ሙር የሚባለው የደብሊን ገጣሚም ብዙም ሳይቆይ የራሱን ግጥም አወጣለት። ሙር የሳሎን ሰው ነበር፤ መስኮት ሰባሪዎቹን አስወጥቶ ስለ ፍቅርና ስለ መንከራተት ጻፈበት።

ቤትሆቨን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጆርጅ ቶምሰን የሚባል የኤደንብራ ሰው የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ዜማዎችን ሰብስቦ፣ በታወቁ የአውሮፓ ሙዚቀኞች እያስቀናበረ ያሳትም ነበር። ለቤትሆቨንም ዜማዎቹን በፖስታ ወደ ቪየና ይልክለታል። ቤትሆቨን ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ አጃቢውን ይጽፋል፤ ክፍያውን ይቀበላል። ብዙ ጊዜ ዜማው ያለ ግጥም ነበር የሚደርሰው፤ ቤትሆቨን በዚህ ያማርር ነበር። ጋሪኦወንን ሁለት ጊዜ አቀናብሮታል፤ ሁለቱም የታተሙት በ1810ዎቹ ነው። አየርላንድን ግን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ስለዚህ ቤትሆቨን አቀናባሪ እንጂ ደራሲ አይደለም። ልጅዎ የምትጫወተው የእሱን ቅንብር ከሆነ «ባህላዊ፣ ቅንብር ቤትሆቨን» ትጻፍ። የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ተራው የፊድል ዜማ ነው።

ጂግ ነው ወይስ ማርሽ ለሚለው መልሴ፣ ሁለቱንም ነው። ይህ የማምለጫ መልስ አይደለም። ምክንያቱን በጣትዎ ጠረጴዛ ላይ መምታት ይችላሉ። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። ስድስት አጫጭር ምቶች፣ ሁለት ጉብታ (ጠንከር ያለ ምት) ላይ የተቀመጡ። ሙዚቀኞች ሲክስ ኤይት የሚሉት ይህ ነው። የአየርላንድ ጂግ በአብዛኛው እንዲህ ነው። በዘጠኝ የሚቆጠር ስሊፕ ጂግ የሚባልም አለ፤ ጋሪኦወን ግን የስድስቱ ወገን ነው። የእኛ ችክችካም በስድስት ስለሚቆጠር ጆሯችሁ አይደናገርም። ነገር ግን አንድ አይደሉም። ችክችካ ስድስቱን አንዴ ለሁለት አንዴ ለሦስት እየከፈለ ትከሻን ይጎትታል። ጂግ ሁለቱን ጉብታ አይለቅም፤ የሚፈልገው እግርን ነው።

አሁን በእያንዳንዱ ጉብታ አንድ እርምጃ ይራመዱ። ግራ፣ ቀኝ። የወታደር ፈጣን ሰልፍ በደቂቃ 120 እርምጃ ያህል ነው። የጂግ ጭፈራም ፍጥነቱ እዚያው አካባቢ ነው። ዜማው ሁለት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል 8 ባር (ባር ማለት እነዚያ ስድስት ምቶች አንድ ላይ) ነው፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ ድምሩ 32 ባር። በዚህ ፍጥነት አንድ ዙር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለስምንት ሰው ጭፈራ ይመቻል፤ ለአንድ ሻለቃ ሰልፍም ይመቻል። ምንም ማሻሻል ሳያስፈልግ ከጭፈራ ቤት ወጥቶ ሰልፍ ሜዳ መግባት የቻለው ለዚህ ነው።

ያስገቡት ደግሞ ራሳቸው አየርላንዳውያን ናቸው። በ1830 ገደማ ከእንግሊዝ ጦር ተራ ወታደሮች ውስጥ ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት አየርላንዳውያን ነበሩ። ድህነት ነው ያስገባቸው። ወታደሩ ከቤቱ ይዞት የሚወጣው ዜማውን ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም በአየርላንድ ስደተኞች የታወቀው የኒውዮርክ 69ኛ ክፍለ ጦር ይህንን ዜማ ይዞ ነበር።

ስለ ከስተር ሁለት ነገር መታረም አለበት። አንደኛ፣ ጄኔራል የሚለው ማዕረግ ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተረፈ ነው። ሰባተኛውን ፈረሰኛ ጦር ሲመራ ሌተና ኮሎኔል ነበር። ሁለተኛ፣ ጦሩ የተቋቋመው በ1866 ነው። ዜማው ያኔ ከታተመ እንኳ 78 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ የጦሩ መዝሙር ሆነ እንጂ ከጦሩ አልተወለደም። ዜማውን ወደ ጦሩ ያመጣው በአየርላንድ የካርሎው አውራጃ ተወላጁ መኮንን ማይልስ ኪዮ ነው የሚል ወግ አለ። ወግ ነው፤ እንደ ወግ ትናገረው።

ይህ የታሪኩ ክፍል ቀልድ የለበትም። ኅዳር 27 ቀን 1868፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው አገር በዋሺታ ወንዝ ዳር፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሻያን ሕዝብ ሰፈር ነበር። መሪያቸው ብላክ ኬትል ይባላል፤ ሰላም ፈላጊ ሽማግሌ ነበር። በረዶ ነበር። ከስተር ሰፈሩን ከብቦ ጥቃቱን ሲያዝዝ የሙዚቃ ጓዱ ጋሪኦወንን እንዲነፋ አደረገ። ጥቂት ኖታ እንደወጣ የነፊዎቹ ምራቅ በመሣሪያዎቹ ውስጥ በረዶ ሆነ፤ ዜማው ተቋረጠ። ተኩሱ ግን ቀጠለ። ብላክ ኬትልና ሚስቱ ሲሸሹ ተገደሉ። ሴቶችና ልጆችም ከሞቱት ውስጥ አሉ።

በአንጻሩ በሰኔ 1876 ከስተር ራሱ በተገደለበት በሊትል ቢግሆርን ውጊያ ላይ ዜማው ተነፋ የሚባለው ልክ አይደለም። የሙዚቃ ጓዱ ያኔ ኋላ፣ ፓውደር ወንዝ አጠገብ ባለው የስንቅ ጣቢያ ቀርቶ ነበር። ነፊዎቹ ይጋልቧቸው የነበሩት ፈረሶችም ለተዋጊዎች ተሰጥተዋል። ከከስተር ጋር ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ኪዮም ከእነሱ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የካውቦይ ፊልሞች ዜማውን ከከስተር ጋር አጣበቁት። ዛሬም «ጋሪኦወን» የሚለው ቃል በሰባተኛው ፈረሰኛ ጦር ዓርማ ላይ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። የምትኖሩት አሜሪካ ስለሆነ፣ ከታዳሚው መካከል የአገሬው ተወላጅ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ለእነሱ ይህ ዜማ ጭፈራ ላይሆን ይችላል። መጫወቱን ትተወው አልልም፤ ዜማው ያንን ጠዋት አልመረጠም። ነገር ግን ከስተርን እንደ ጀግና አድርጋ ታሪኩን እንዳታሳምረው። ዋሺታን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትጠቅሰው እውነቱም ይሟላል፣ የሰውም ክብር ይጠበቃል። አስተማሪዋንም ቀድማ ታማክራት።

«ባህላዊ» የሚለውን ቃል በተመለከተም ልጅዎ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ባህላዊ ማለት ደራሲ አልነበረውም ማለት አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ በአንድ ፊድል ወይም በአንድ የከረጢት ዋሽንት ይህንን አውጥቶታል። ስሙ ጠፋ፤ ዜማው በብዙ እጅ እየተላገ ዛሬ የምንሰማውን ቅርጽ ያዘ። ስም እንዴት እንደሚጠፋና እንደሚለወጥ ደግሞ በዘመናችን አቅራቢያ የታየ ምሳሌ አለ። በ1930ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ጄምስ ሞሪሰን የሚባል በአየርላንድ የስላይጎ አውራጃ ተወላጅ የሆነ ፊድል ተጫዋች አንድ ጂግ በሸክላ አስቀረጸ። ዜማውን ያገኘው ኬሪ ከሚባለው የአየርላንድ አውራጃ ከመጣው አኮርዲዮን ተጫዋች ከቶም ካርሞዲ ነው። ሸክላው ላይም የካርሞዲ ቤተሰብ ስም ተጽፎ ነበር። ዛሬ ግን ዓለም ሁሉ «የሞሪሰን ጂግ» ነው የሚለው። ሸክላ ባለበት፣ ወረቀት ባለበት፣ ሁለቱም ሰዎች በሕይወት እያሉ ስሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ። በ1780ዎቹ የሆነውን እስቲ አስቡት። የጂግ ስም የዜማውን ባለቤት አያሳይም፤ ማን ዘንድ እንደተሰማ ነው የሚያሳየው።

ስለ መብት ከጠየቁ፣ ዜማው የሁሉም ነው፤ ለመጫወት የማንንም ፈቃድ አይፈልግም። አንድ ዘመናዊ ሙዚቀኛ የሠራው ቅንብር ወይም የድምፅ ቅጂ ግን የራሱ ባለቤት አለው። ቪዲዮዋን የምትለጥፉት ከሆነ በሌላ ሰው ቅጂ ላይ አጅባ እንዳትጫወት።

ገለጻዋን በእንግሊዝኛ ትጻፈው፤ ይዘቱ ግን እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ፦ «ይህ ዜማ የአየርላንድ ባህላዊ ጂግ ነው። ስሙን ያገኘው በሊመሪክ ከተማ ካለ ሰፈር ነው። በ1788 ስኮትላንድ ውስጥ በሌላ ስም ታትሟል። ቤትሆቨን አቀናብሮታል። የአየርላንድ ወታደሮች ወደ አሜሪካ ይዘውት መጥተዋል፤ በ1868 በዋሺታ በሻያን ሰፈር ላይ በተፈጸመው ጥቃትም ተነፍቷል። ዛሬ የምጫወተው ወደ መጀመሪያ ሥራው መልሼ፣ እንደ ጭፈራ ነው።» ከዚህ በላይ አያስፈልጋትም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ባዶ እንዳይሆን ደግሞ አጨዋወቷ ላይ ትሥራበት። ኖታው ላይ ሦስቱ ምቶች እኩል ተደርገው ነው የተጻፉት። እኩል አድርጋ ከተጫወተችው የወታደር ሰልፍ ይሆናል። የአየርላንድ ፊድል ተጫዋች የመጀመሪያዋን ትንሽ ያሳርፋታል፣ መካከለኛዋን ያቀልላታል፣ ሦስተኛዋን ወደሚቀጥለው ጉብታ ይገፋታል። ይህ ወረቀት ላይ አይገኝም። የቆዩ የአየርላንድ ፊድል ተጫዋቾችን ቅጂ ለሳምንት ያህል ታዳምጥ፤ ኖታውን ሳትይዝ ዜማውን በአፏ ታንጎራጉረው። ከዚያ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 80 ጉብታ ላይ አድርጋ፣ በእግሯ እየመታች ትጀምር። እግሯ ሳይስት 110 ላይ ስትደርስ ለመድረኩ ዝግጁ ናት።